በሲባጎ የተለካ ግቢ

የእኔና የእኅቴ ግቢ ጎን ለጎን ነው። ጎንደር ውስጥ ማራኪን አልፎ፣ ሚኒባሱ ከሚዞርበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ተዳፋት ላይ። ቦታውን አንድ ላይ ከያዝነው በኋላ በመካከሉ እስከ ወገብ የሚደርስ የሽቦ አጥር አበጀንለት። አጥሩ ለዶሮ ነው ተባብለን ነበር። ዶሮ ግን ሁለታችንም ኖሮን አያውቅም።

ከሽቦው ወዲያ ያለው የእኅቴ ግቢ ሥርዓት የሚባል ነገር ዞሮበት አያውቅም። የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ አፈር የተሞላ የመኪና ጎማ፣ እጀታው የወለቀ ባልዲ፣ ሁሉም ውስጥ የሆነ ነገር በቅሏል። እኅቴ ከሰው ቤት ስትወጣ ቅርንጫፍ ቀንጥባ ነው የምትወጣው። ቅርንጫፉ ቦርሳዋ ውስጥ ተጨፍልቆ፣ ጠውልጎ ይደርሳል። አፈሩን በጣቷ ወጋ አድርጋ ትሰካዋለች፤ ይጸድቃል። እኔ አንዲት ጽጌረዳ ለመትከል ጉድጓዱን ከሳምንት በፊት ቆፍሬ፣ ፍግ ከአፈር ጋር ለውሼ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደሚያገኘው መዝግቤ እተክላለሁ፤ ከሦስቱ አንዱ ይደርቅብኛል። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ስለማላወራው ግን አልረሳሁትም።

ቅናቴ ከአበባ የጀመረ አይደለም። ያደግነው ከመካነ ብርሃን የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። ከቤታችን ትምህርት ቤት ሊላክ የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ነበረ፤ የተላከችው እሷ ናት። ምክንያቱም እኔ እጠቅም ነበር። ውሃ እቀዳለሁ፣ ገብስ አርማለሁ፣ ኩበት እለቅማለሁ። እሷ ግን ገና የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ብትሄድ የሚጎድል ሥራ የለም። እሷ ጎንደር ከዘመድ ቤት ገባች፤ እኔ ፊደል የቆጠርሁት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ነው። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ከቦታው ውጭ የተቀመጠ መጽሐፍ ካየሁ ሳልመልሰው ወደ ቤቴ አልሄድም። ይህ ጠባይ ሥራዬ ላይ ያስመሰግነኛል፤ ሌላ ቦታ ብዙም አይወደድልኝም።

በጥር ወር እናታችን በሰው ስልክ ደወለችልኝ።

«ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ብርዱም ጠንቶብኛል። ተፋሲካ በኋላ እወርዳለሁ» አለች።

«እኔ ጋ ነው የምታርፊው» አልሁ፣ ሳታስጨርስኝ እንዳትዘጋው ፈርቼ።

«አያለኋ። ሁለታችሁንም አይቼ የተመቸኝ ዘንድ እቀመጣለሁ።»

ለመጎብኘት እንዳልሆነ ገባኝ። የምትመጣው ቀሪ ዕድሜዋን የምታሳልፍበትን ቤት ልትመርጥ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ሳልመረጥ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ሁለተኛውን አልችለውም።

እናቴ ቤት ውስጥ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ሳሎኔን ባሳምረው፣ መጋረጃ ብቀይርለት ዓይኗ አያርፍበትም። ቤት የምትመዝነው በደጁ ነው፦ የሚቀመጡበት አለ ወይ፣ የሚነካካ አለ ወይ። ስለዚህ ደጄን ልሠራላት ቆረጥሁ። በቤተ መጻሕፍታችን ከታችኛው መደርደሪያ ሽፋኑ የተገነጠለ የጓሮ አትክልት መጽሐፍ ነበረ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አነበብሁት። ማንም ሰው በገዛ እጁ በቀላሉ ሊሠራቸው ይችላል ብሎ ሦስት ሥራ ያስተምራል፦ የድንጋይ መንገድ፣ የአበባ መደብና መቀመጫ። «በቀላሉ» የሚለውን አምኜ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጀመርሁ።

መጀመሪያ መንገዱ። ከቤቴ ደረጃ እስከ ውጭው በር ችካል ቸክዬ ሲባጎ ወጠርሁ። ማዕዘኑን ያወጣሁት በማታ ትምህርት በተማርሁት ነው፤ ሲባጎውን ሦስት ክንድ፣ አራት ክንድና አምስት ክንድ አድርገው ጫፍ ለጫፍ ሲያገናኙት፣ አንደኛው ማዕዘን እንደ በር ጉበን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ያን ትምህርት ስማር ለምን እንደሚጠቅም መምህሩ አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ አንድ ስንዝር ቆፍሬ ገረጋንቲ አለበስሁት፤ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርሁ። ውሃ ልክ ስላልነበረኝ በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ውሃ ሞልቼ፣ በመንገዱ ወርድ በተጋደመ ጣውላ ላይ አስተኝቼ ነበር የማየው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አረፋ አንድ ጣት ካጋደለ ድንጋዩን አንሥቼ እንደገና አስቀምጠዋለሁ። አንዱን ድንጋይ ሰባት ጊዜ አንሥቼዋለሁ።

ድንጋዩን በአህያ የሚያመላልሱልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«አያ፣ እኔ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ብቻ ነው የምፈልገው» አልኋቸው፣ ጎባጣ ጎባጣውን ወደ ጎን እየለየሁ።

«ምነው፣ ልትተኚበት ነው?»

«ልረግጠው ነው።»

«ለመረገጡስ መሬቱም ይበቃ ነበር» አሉና ጎባጣዎቹን መልሰው ጫኑ።

እኅቴ ከሥራ ስትመለስ ሽቦው ላይ ክንዷን አስደግፋ ታየኛለች። እሷ በቆመችበት ሥራዬን መቀጠል አልወድም፤ ማቆምም አልወድም።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«መንገድ።»

«የት የሚያደርስ?»

«በሩ ጋ።»

«በሩማ ይታያል እኮ» አለች። ከዚያ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያወጣኋቸውን ስድስት መደቦች አየች። ጠርዛቸውን በጡብ ከብቤ፣ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ ዳማ ከሴውን በስንዝር በስንዝር ተክዬ ነበር። እንደ ደብተር ኅዳግ ቀጥ ብለው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። «ትሎቹንም ተሰልፋችሁ ግቡ በያቸው» አለችና ሳቀች።

እኔም ለይምሰል ፈገግ አልሁ። ክፋት የለባትም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር።

የመጨረሻው መቀመጫው ነው። ጭድና ጭቃ አቡክቼ፣ እስኪብላላ ጠብቄ፣ በየቀኑ በእግሬ እየረገጥሁ አለሰለስሁት። በድንጋይ ካብ ላይ ሦስት ጊዜ መረግሁት፤ ያንዱ ምርጊት ሳይደርቅ ሌላውን አልጨመርሁም። ቁመቱን ከእናቴ ጉልበት በሦስት ጣት ዝቅ አደረግሁት፤ እሷ የምትወደውን ልክ ማንም አይነግረኝም። ቦታውን ከግቢው ግርጌ፣ ከበሩ አጠገብ መረጥሁ፤ በበሩ ክፍተት መንገደኛ ያሳያል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነቱን ስጨርሰው ግን፣ መቀመጫውን የሠራሁት ጀርባው ለሽቦው እንዲሆን አድርጌ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የእኅቴን ግቢ ሊያይ የሚችለው አንገቱን ጠምዝዞ ብቻ ነው።

እናቴ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መጣች። በአንድ እጇ ጓዟን፣ በሌላው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ነበር። በመንገዱ ዝግ ብላ ወረደች፣ ዝግ ብላ ተመለሰች። መደቦቹን አየች፤ ቀና ብላ የቤቱን ክዳን አየች፤ ዝቅ ብላ በሩን አየች።

«ሸጋ ነው» አለች። ቀጥላም «ውሃውሳ፣ የት ይሄዳል?» አለች።

«የቱ ውሃ?»

«የክረምቱ።»

«መንገዱ ያዘነብላል። ወደ በሩ ይወርዳል።»

«መውረዱንስ ይወርዳል» አለች። «ፈሰስ አላወጣሽለትም?»

ፈሰስ በእኛ አገር ገበሬው ጎርፍ አፈሩን እንዳያጥብበት እርሻው ላይ አግድም የሚያወጣው ቦይ ነው። አባቴ ሲያወጣ ከኋላው ድንጋይ ስለቅም ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ የማላውቀው ነገር አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ሲባጎው ላይም አልነበረም።

«እማ፣ ይህ እርሻ አይደለም» አልኋት።

«እንግዲህ አንች ተምረሻል» አለች።

አሽሙር አልነበረም፤ ከልቧ ነው። ያ ነው የከፋኝ። እኅቴ ከእኔ በላይ ተምራለች፤ እናቴ ግን አንድ ቀን እንዲህ ብላት አታውቅም። እሷን «አንች ሞኝ» ነው የምትላት፣ እየሳቀች። ቁጭ ብዬ በአንዲት «ሞኝ» ቀናሁ።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ መቀመጫው ባዶ ነው። እናቴ ከሽቦው ወዲያ፣ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ እኅቴ ጎማው ጠርዝ ላይ ሆና ትሰማታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ከአንዱ ጀሪካን ውስጥ ትናንት ያልነበረች ድፍት ያለች ቅጠል አየሁ።

«ያ ምንድን ነው?» አልሁ ሽቦውን ይዤ።

«ጦስኝ ነው» አለች እናቴ። «ተደጃችን ነቅዬ ተነአፈሩ ነው ያመጣሁት።»

ጦስኝ የደጋ ቅጠል ነው። በልጅነቴ ሜዳ ለሜዳ ስሄድ እግሬ የሚረግጠው፣ ቀሚሴ የሚሸተው እሱን ነው። እኅቴ ያንን ሽታ ታስታውሰው እንደሆነ እንኳ እጠራጠራለሁ።

«ለእኔ ምነው አላመጣሽልኝም?»

«የት ላርገው? ያንች ሁሉም ሞልቷል፣ ተሰልፏል። ተሷ ዘንድ የትም ብጥለው ቦታ አለ።»

እኅቴ «ላካፍልሽ፣ እትዬ» አለች። አልፈልግም አልሁ። ሽታው ግን ሽቦ አያግደውም፤ ምሽቱን ሙሉ ሸተተኝ።

እናቴ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እኅቴ ጋ እያደረች ሰነበተች። በእኔ ሳምንት እንኳ ሽቦው ዳር ባለው ክፍተት አልፋ ቀኑን እዚያ ትውላለች። አንዳንዴ ደስ ሊያሰኘኝ ብላ መቀመጫው ላይ ታርፋለች፤ ግን ወሬዋ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሆነ አንገቷን እየጠመዘዘች ነው የምትጮኸው።

«ይኸ መቀመጫ ለጀርባ ሸጋ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ አንገቷን እያሸች። «ሰው ግን አያሳይም።»

«መንገዱን ያሳያል።»

«መንገደኛ ምን ያረግልኛል?»

ጎንበስ ብዬ በሶብላውን ኮተኮትሁ። ከተኮተኮተ ሁለት ቀኑ ነበር። ክረምቱ ሲጠና ጓዟን ከአንዳችን ዘንድ እንደምታሳርፍ ነግራናለች።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወረደው። በረዶ የቀላቀለ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው የማያሰማማ ዝናብ። ደረጃው ላይ ቆሜ አየሁት። አሸንዳው የሚተፋው ውሃ በትክክል የሚያርፈው በመንገዴ ራስ ላይ ነው። እንቅፋት የሌለው፣ ጎባጣ የሌለው፣ በጠርሙስ ውሃ የተለካ መንገድ ስላገኘ አልዘገየም። በጡብ የከበብኋቸው ስድስት መደቦች ስድስት ቦይ ሆኑለት። ጤና አዳሙ ከነሥሩ ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ፍጉ፣ ገረጋንቲው፣ የሁለት ወር ሥራዬ ወደ በሩ ወረደ፤ እዚያም መቀመጫው ጥግ ተጠራቀመና ምርጊቱን ከሥር ይልሰው ጀመር።

ዘወር ብዬ የእኅቴን ግቢ አየሁ። ውሃው ጎማውን ይገጫል፣ ይዞራል፤ ጀሪካኖቹ መካከል ይገባል፣ ይደክማል፤ ያ ሁሉ ግሳንግስ መንገድ ከልክሎት እዚያው ይሰርጋል። የጠፋውን አፈሬን ያህል ያቃጠለኝ ያ የመኪና ጎማ ነው።

እናቴ ያን ጊዜ ነው የመጣችው። የማዳበሪያ ከረጢት አናቷ ላይ ደፍታ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ዶማ ይዛ በሽቦው ክፍተት ገባች። እኅቴ አካፋ ይዛ ከኋላዋ ትከተላለች፤ እየሳቀች ነው። እናቴ መንገዱ መሐል ላይ ደርሳ፣ ያ ጉልበቷ እንዴት እንደታጠፈላት እንጃ፣ ቁጢጥ አለችና ድንጋዮቼን መፈንቀል ጀመረች። አንዱን ነቅላ ወረወረችው። ሰባት ጊዜ ያነሣሁት ይሁን ሌላው አልለየሁም።

«እማ፣ ተይ! ድንጋዩን አታንሺው» አልሁ። ዝናቡ ነው፣ አልሰማችኝም። ወርጄ የዶማውን እጀታ ያዝሁ።

«ሂጂ» አልኋት። «ሂጂና እሷ ግቢ ቆፍሪ። የእኔን አታፍርሽብኝ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ውሃ ይወርዳል። እኅቴ መሳቋን አቆመች። እናቴ እጀታውን ለቀቀችልኝ፤ ዶማው እኔ እጅ ላይ ቀረ።

«ያባራል እንግዲህ» አለች። ተነሥታ በመጣችበት ክፍተት ወጣች።

ሳምንቱ የእኔ ነበረ። እሑድ አልመጣችም፤ ሰኞም፣ ማክሰኞም። ጓዟ እኔ ቤት ነው፤ ጋቢዋ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ መኖሩን አይቼ ነው ጫማዬን የማወልቀው። ረቡዕ ማለዳ እኅቴ መጣች።

«ጋቢዋን ልወስድ ነው።»

«እሷ ላከችሽ?»

«አልላከችኝም። በርዷት ነው።»

አጥፌ ሰጠኋት። ማዕዘኑን ከማዕዘኑ አገናኝቼ ነው ያጠፍሁት፤ ጊዜ ለመግዛት። እሷም ተቀብላኝ አልሄደችም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አትቆጪ።»

«ተናገሪ።»

«እኔ ግቢ አንድ ቀን ዶማ አንሥታ አታውቅም። አይተሻል አይደል? ሳጥኑ ላይ ትቀመጣለች፣ ታወራኛለች፣ ታስቀኛለች። ጀሪካን ቢገለበጥ አታቃናውም። እንግዳ ናት።»

«ትወድሻለች።»

«እሱማ ትወደኛለች። ግን አታውቀኝም። በስድስት ዓመቴ ነው የሰጠችኝ። ሽሮ እወድ እንደሆነ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። ጦስኙን ለምን እንደሰጠችኝ ታውቂያለሽ? አታውቀውም ብላ ነው። ‹ይኸ እኛ አገር የሚበቅል ነው› ብላ እንደ ፈረንጅ አስረዳችኝ።»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ያዝሁት።

«ያን ቀን ዶማውን አንሥታ ‹ነይ ተከተይኝ› ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነው አካፋ ይዤ የሮጥሁት» አለች። «እኔና እሷ አብረን ሥራ ሠርተን አናውቅም። አንቺ ያን ሁሉ ዓመት ስትሠሪ የኖርሽውን አንዲት ቀን ላየው ነበር። አንቺ ደግሞ ቀማሽኝ።»

ጋቢውን ታቅፋ ሄደች። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ያ ሁሉ ዘመን የቀናሁባት ልጅ በውሃ ቅጃዬና በኩበት ለቀማዬ ስትቀናብኝ ኖራለች። ማዘን ነበረብኝ፤ በኋላም አዝኛለሁ። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ደስታ ነው። ይህንን ሳልጽፈው ባልፍ ሌላው ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛል።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ዶማውን አነሣሁ። ድንጋዮቹን በገዛ እጄ ነቃቀልሁና መንገዱን አግድም መቁረጥ ጀመርሁ። ልማድ ሆኖብኝ ሲባጎ ወጥሬ ነበር። ትንሽ እንደቆፈርሁ ከሽቦው ወዲያ ሰው እንደቆመ ተሰማኝ፤ ቀና አላልሁም።

«ቀጥ አታርጊው» አለች እናቴ። «ትንሽ ጣል አርጊው።»

«ወዴት?»

«ወደ ቀኝሽ። ስታበዥው ይሸረሽራል፤ ስታሳንሽው ይተኛል።»

«ስንት ላድርገው?»

«ስንት ትላለች እንዴ። ውሃ አፍስሽበትና እዪው።»

የልብስ እጣቢ የያዘውን ባልዲ አምጥቼ አፈሰስሁት። ውሃው ሄደ፣ መሐል ላይ ቆመ። ቆም ያለበትን ዝቅ አደረግሁለት፤ እንደገና አፈሰስሁ። አሁን ሳይቸኩል ሄደ።

«አፈሩንሳ፣ ምነው ወደ ላይ ትቆልይዋለሽ? ወደ ታች ነው። ተላይ ተቆለለ መልሶ ይገባበታል።» ይህን ስትል ከዳር ሆና ማየት አልቻለችም፤ በክፍተቱ ገብታ አጠገቤ ነበረች። ዶማውን ከእጄ ወሰደች። እኔም ለቀቅሁላት።

«እማ፣ የዚያን ቀን ያልሁሽን…»

«ተይው። ዝናብ ላይ ሰው ብዙ ይላል።»

ሦስት ፈሰስ አወጣን። መደቦቹን አፍርሰን በፈሰሶቹ መካከል አግድም መልሰን ሠራናቸው። መንገዱ ፈሰሱን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ትልልቁን ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ድልድይ ጋደም አደረግንበት። መቀመጫው ከሥሩ በስብሶ ስለነበረ አፍርሰነው ድንጋዩን ለፈሰሱ ዳር ዳር አዋልነው። ይህን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያላገኘሁትን ልንገረው፦ መንገዱን ከመደርደር በፊት አንድ ዝናብ ጠብቆ ቆሞ ማየት ነው። ውሃው የት መሄድ እንደሚፈልግ ራሱ ያሳያል።

ችግሩ መጨረሻው ነበር። በግራዬ የጎረቤት ግንብ አለ፣ አያሳልፍም። በቀኝ ያለው ሽቦው ነው። ፈሰሱ በሽቦው ሥር አልፎ እኅቴ ግቢ መግባት አለበት።

«እዚህ ማቆም አይቻልም?» አልሁ።

«ተዚህ ተቆመ ወደ ቤትሽ ይዞራል።»

ያ ውሃ ባዶውን አይሄድም። ፍጌን ይዞ ይሄዳል፣ አፈሬን ይዞ ይሄዳል። የሰካችው ሁሉ የሚጸድቅላት ሴት ግቢ የኔን ማዳበሪያ ሊጠጣ ነው። እንዲያም ሆኖ በሽቦው ሥር ያለውን አፈር ራሴ ከፈትሁት። እኅቴ ከዚያ በኩል በእጇ ጠረገች።

«እትዬ፣ ምን ልስጥሽ ለውሃው?» አለች።

«ዝም ብለሽ ጠጪ» አልኋት።

እናቴ ክረምቱ ሲጠና ጓዟን እኔ ዘንድ አሳረፈች። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ፈሰስ በየዝናቡ ታልተጠረገ ይደፈናል። አንች ሥራ ትሄጃለሽ። ክረምቱን እዚህ ነኝ።»

«ከመስቀል ወዲያስ?»

«መስቀል ሲደርስ ይታያል።»

ስለዚህ አሁንም አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቤት ትወጣለች፤ ቢራ ሳጥኑ ላይ ግን አሁንም ትቀመጣለች። ሳቃቸውን ስሰማ አሁንም ጆሮዬ ይቆማል። የእኅቴ ጎማ ውስጥ የበቀለው ጎመን ዘንድሮ ቅጠሉ ትሪ ያህላል፤ ባየሁት ቁጥር ፍጌን አስታውሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ተቀምጬ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ሽፋን ሳለብስ፣ እናቴ ሽቦው ሥር ካለው ፈሰስ አፍ ላይ ድንጋይ ልታስተካክል ጎንበስ ብላ ነበር። አልነሣ አላት።

«አንች፣ ነይ ያዥልኝ» አለች ቀና ሳትል፣ ወደ እኅቴ በኩል።

እኅቴ የሚታጠበውን ልብስ እስክታስቀምጥ እኔ መጽሐፉን ጥዬ ወርጄ እጄን ከድንጋዩ ሥር አስገብቻለሁ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አልሁ።

«የተጠራሁት እኔ ነኝ» አለች እኅቴ፣ እርጥብ እጇን በሽቦው ሥር አሾልካ ሌላውን ጫፍ እየያዘች።

ድንጋዩ ለሦስት ሰው ትንሽ ነበር። ማናችንም ግን አልለቀቅነውም።